በደጃፋችን የተኙ ሠላሳ አንድ ሕሙማን

እግሬ የተሰበረው የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ላይ ወድቄ ነው። ቁርጭምጭሚቴ በጀሶ ተጠቅልሎ፣ ስድስት ሳምንት እንዳልረግጥበት ታዝዤ፣ ብቻዬን ከምኖርበት አንድ ክፍል ቤት ወደ ወላጆቼ ተመለስኩ። እናቴ ሠላሳ ስድስት ዓመት በቀዶ ጥገና ክፍል በነርስነት የሠራች ሴት ናት። ሰፈሩ ሁሉ፣ አባቴም ሳይቀር፣ «ሲስተር» ነው የሚላት። ጡረታ ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ እጇ ሥራ ፈትቶባት የጎረቤቱን ሁሉ ደም ግፊት ስትለካ ትውላለች ሲባል እሰማ ነበር። እንግዲህ እግሯ የተሰበረ የገዛ ልጇ በበሯ ስትገባላት ምን እንደምትሆን አስቡት። መፈናፈኛ ታሳጣኛለች ብዬ እየፈራሁ ነው የመጣሁት።

በከንቱ ነው የፈራሁት። እናቴ ሌላ በሽተኛ ይዛለች።

ሳሎን መስኮት ሥር ያለው ሶፋ ላይ አጋድመውኝ ወደ ውጭ ስመለከት፣ ከበሩ እስከ ጎረቤት ግንብ ድረስ ሠላሳ አንድ ችግኝ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። አባቴ የዛገውን የቆርቆሮ አጥር አስነስቶ በምትኩ ሕያው አጥር የተከለው ከአራት ወር በፊት ነበር። ችግኞቹ ግን አጥር የመሆን ሐሳብ ያላቸው አይመስሉም። ግማሾቹ ቢጫ ሆነዋል። ጥቂቶቹ ከጫፋቸው እየደረቁ ነው። ደህና ናቸው የተባሉት ደግሞ አንዳንድ ቀጭን ዘንግ ወደ ሰማይ ልከው ከሥር ራቁታቸውን ቀርተዋል። እያንዳንዱ ችግኝ አጠገብ ችካል ተተክሎ፣ ችካሉ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተንጠልጥሏል።

«ወረቀቱ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ካርዳቸው ነዋ» አለች እናቴ። «ሰው ካርድ ሳያወጣ ይታከማል?»

በማግስቱ ጠዋት ቀደም ሲል እኔ ትኩሳት ሲይዘኝ የምትለካበትን ቴርሞሜትር ይዛ ወጣች። ቴርሞሜትሩን ከአንድ ቁጥር ጀምሮ በየችግኙ ሥር አፈሩ ውስጥ እየሰካች፣ ሰዓቷን እያየች፣ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። የጠጡት ውሃ በሊትር ይመዘገባል። የረገፈ ቅጠል ተቆጥሮ ይመዘገባል። ስትጨርስ ገብታ እጇን በሳሙና ታጠበችና በመጨረሻ ወደኔ ዞረች።

«አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ያሳክከኛል።»

«የሚያሳክክማ እየዳነ ነው» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

አባቴ ጡረተኛ ቀያሽ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ሲቀይስ፣ ወሰን ሲለይ፣ ችካል ሲተክል ኖሯል። ችግኞቹን የተከላቸው በሲባጎ ወጥሮ፣ በየአርባ ሳንቲ ሜትሩ፣ አንዲት ፀጉር ታህል ሳያዛንፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜትሩን ይዞ ቁመታቸውን ይለካና በደብተር ያሰፍራል። ስለ በሽታቸው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር።

«ችግሩ የተክሎቹ ነው። መስመሩ እንከን አይወጣለትም።»

«ማን መስመሩን ጠየቀህ?» ትለዋለች እናቴ። «መስመሩ እኮ አይደለም የታመመው።»

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብርቱካን በላስቲክ ይዛ ልትጠይቅ መጣች። ድምጿን በር ላይ ስሰማ ትራሴን አስተካክዬ፣ ፊቴን ትንሽ የታመመ አስመስዬ ጠበቅኩ።

«ሲስተር፣ እንዴት ዋሉልሽ?» ስትል ሰማኋት።

«አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው ያሳሰበኝ» አለች እናቴ። «ትናንት አራት ቅጠል ጣለ።»

«ውይ፣ ምስኪን። እግዜር ይማረው።»

ብርቱካኑ ሳሎን ገባ፤ ልብስ ሰፊዋም ከኋላው ገብታ፣ እኔን ስታይ ደንግጣ «አንቺም አመመሽ እንዴ?» አለች። ብርቱካኑን ለማን እንዳመጣችው ማንም ሳይናገር እኔ በላሁት።

ከዚያ በኋላ ወሬው መንገዱን ሙሉ ተዳረሰ። ሰው እያለፈ «ተሻላቸው?» ማለት ጀመረ። ቀጥሎ መግባት ጀመረ። ጠያቂ ሁሉ ደግሞ ሐኪም ነው፤ አንዱ አመድ ይበተንላቸው ይላል፣ አንዷ የሻይ ዝቃጭ መድኃኒታቸው ነው ትላለች፣ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ በትሕትና ቢናገሯቸው ይበረታሉ ብሎ ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ቆሞ አጉረመረመ። ሁሉም ሲወጡ ታዲያ፣ እናቴ ዞር ስትልላቸው፣ አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ያፈሱላቸዋል። እኔ በመስኮት አያለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አሥራ አራት ኩባያ ቆጠርኩና ለእናቴ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ወዲያው ካርቶን ቀድዳ፣ በትልልቁ ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለችው፦ የመጠየቂያ ሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፤ ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው።

ሰዉም አከበረው። በዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ ጀመር።

አባቴ ይህን ሁሉ ሲያይ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠና በለሆሳስ «እናትሽን ምን ነካት ትያለሽ?» አለኝ።

«አንተስ ትናንት ‹አይዞህ› ስትለው የነበረው ማንን ነው? ሰምቼሃለሁ።»

«ሰባት ቁጥርን» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «እሱ እንኳ ለማደግ ይሞክራል።»

አሥራ ዘጠኝ ቁጥር አንድ ቅጠል ብቻ የቀረው ዕለት እናቴ ስልኩን አነሳች። ከመደወሏ በፊት ፀጉሯን አስተካከለች፤ ሰውየው ሲያነሱም ቆማ ነበር የምታወራቸው። ሃያ ሁለት ዓመት መሣሪያ ስታቀብላቸው የኖረችላቸው ቀዶ ሐኪም ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሥራ ያቆሙት እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ ነበር፤ ከሆስፒታሉ የወጡት ማንንም ሳይሰናበቱ ነው ስትል ሰምቻለሁ።

«ዶክተር፣ ሠላሳ አንድ ሕሙማን አሉብኝ» አለቻቸው። «ሁኔታቸው ጥሩ አይደለም። ሰው ግን አይደሉም።»

ከወዲያ ምን እንዳሏት አላውቅም። በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። ጥቁር ቦርሳ ይዘዋል፤ ነጭ ጋውናቸው ተተኩሶ ክንዳቸው ላይ ታጥፏል። ሳሎን ገብተው ጀሶዬን ሲያዩ ደስ አለኝ፤ ለካ ለኔም ደርሶኛል። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ማን ነው የሠራው? ቆንጆ ጀሶ ነው» አሉና ወደ ውጭ ወጡ።

መስኮቱን ከፍቼ አዳመጥኩ። እናቴ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ካርዱን እያነበበች፣ አባቴ ከሷ ኋላ ሜትሩን ይዞ፣ ከአንድ ቁጥር ጀመሩ።

«ዕድሜ?»

«አራት ወር ከሳምንት።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከችግኝ ጣቢያ።»

«በቤተሰባቸው እንዲህ ያለ ችግር ነበረ?»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናታቸውን አይቻታለሁ፤ ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ነው ያለችው። ደህና ናት። ሰፊ ናት።»

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባት ቁጥር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጋውናቸውን ለበሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩ፣ ከመንበርከክም አልፈው በሆዳቸው መሬት ላይ ተጋደሙ፤ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተው ጫፉን አፈሩ ላይ አደረጉና በሁለት ጣት መታ መታ አደረጉ። የሰው ደረት እንደሚመታው ነው። ወደ ስምንት ቁጥር በክርናቸው ዳኹ። መታ መታ። ነገሩን ሊያዩ በር ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

«እስከ ስድስት ክፍት ነው» አሉ ዶክተሩ፣ አገጫቸው አፈር ነክቶ። «ከሰባት ጀምሮ ድፍን ነው። እዚህ ውስጥ የማይገባ ነገር አለ።»

አባቴ የብረት ዘንግ አምጥቶ ወጋው። አንድ ስንዝር ከገባ በኋላ ዘንጉ ቀጭ ብሎ ቆመ። ስምንት ላይም ቀጭ። እስከ አሥራ ዘጠኝ ድረስ እንዲሁ። ሃያ ላይ ዘንጉ እንደ ቅቤ ገባ።

አባቴ ዘንጉን ከአፈሩ ነቀለ። ከዚያ እንደ ተከሰሰ ሰው ተናገረ። «ቤቱን ስንገዛ በአጥሩ ሥር የሚሄድ የሲሚንቶ መሄጃ ነበረ። ሠራተኞቹ ይነሳ ሲሉኝ አፈር ይልበስ አልኩ።»

«አንተ ነህ ያልከው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ በእናቴ ክንድ ተደግፈው ተነሡና ፍርዳቸውን ተናገሩ። ከሰባት እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉት ተነቅለው፣ ሲሚንቶ ወደሌለበት፣ ወደ ቤቱ ጠጋ ብለው ይተከላሉ። በተጨማሪም ሁሉም፣ ደህና የሚመስሉት ጭምር፣ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቷቸው ይቆረጣሉ።

«ሁሉም?» አለ አባቴ። «ሃያ ስድስት ቁጥር እኮ ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ደርሷል።»

«ዘንግ ነው የሆነው፣ ጌታዬ። ያላቸውን ሁሉ ወደ ላይ እየላኩ ነው። ከላይ ሲቆረጡ ነው ከሥር የሚያስቡት።»

«መስመሩስ? ጠጋ ካሉ እኮ አጥሩ ሆድ ያወጣል።»

«ሆድ ማውጣት አይገድልም» አሉ ዶክተሩና ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

አባቴ ምሳ አልበላም። መጥቶ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ከጀሶዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንዲት ሴት ነበረች» አለ። «መንገዱ ማዕድ ቤቷን ለሁለት ሰነጠቀው። ‹ትንሽ ጠጋ ቢያደርጉልኝ ምን አለበት› አለችኝ። መስመር ጠጋ አይልም አልኳት። እውነቴን ነበር። አንድ ቦታ ጠጋ ካለ ሌላው ሁሉ ጠጋ በልልኝ ነው የሚለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምድጃዋን ሳሎን አስገባችው። መሣሪያዬን ይዤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት ታየኛለች። ተሳድባ እንኳ አታውቅም።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለችኝ እንጃ። ይኼ አጥር ነው፤ ያ ማዕድ ቤት ነው።»

ብርቱካን ልጬ ሰጠሁት፤ በላ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ በካርቦን የገለበጠችውን የስምምነት ቅጽ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አነባበረችው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለቴ አነበበ።

«‹በሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም› ይላል።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«‹የታካሚው የቅርብ ዘመድ›። እኔ ምናቸው ነኝ?»

«ጻፍ፤ አባት።»

አባት ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎ «ይኼ ለአንዱ ብቻ ነው?» አለ። «ለሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ይፈረማል?» አለችው። ሠላሳ አንድ ጊዜ ፈረመ። ሃያ ስድስት ቁጥር ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጦ ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ።

የቀዶ ጥገናው ጠዋት ሰማዩ ደመናማ ነበር፤ ዶክተሩ «ጥሩ ነው፣ ፀሐይ አይመታቸውም» አሉ። እናቴ በትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ የአትክልት መቀስ፣ ትንሽ መጋዝ፣ በአልኮል የራሰ ጥጥ ደርድራለች። አፏን በጭንብል ሸፍናለች። ከበሩ ውጭ ሰው ተሰብስቧል። እኔን ከነወንበሬ አውጥተው በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ።

ዶክተሩ እጃቸውን ዘረጉ። «መቀስ።»

እናቴ መቀሱን መዳፋቸው ላይ ጠፍ አድርጋ አስቀመጠችላቸው። ያኔ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መቀሱ እንደ ጥርስ ይንገጫገጫል። አንድ ቁጥርን ሊቆርጡ ሲሉ የካርዱን ክር ቆረጡት፤ ካርዱ ወደቀ። እናቴ ጎንበስ ብላ ካርዱን አነሳችና ኪሷ ከተተችው።

ዶክተሩ እጃቸውን ትኩር ብለው ሲያዩት ቆዩ። «ሲስተር፣ እዚህ ብሳሳት ማን ይሞታል?»

«ማንም አይሞትም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው?»

«እሱ ምን ያውቃል» አለች እናቴ። «ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። አንድ ቁጥር ተቆረጠ፤ ሁለት ተቆረጠ። እጃቸው መንቀጥቀጡን አልተወም። እሳቸው ግን አምስት ቁጥር ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ማየት ትተው ተክሉን ማየት ጀመሩ። ቁርጡ አንዳንዱ ጠማማ፣ አንዳንዱ የተንጨፋረረ ነበር፤ እናቴ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች በስለት ታስተካክለዋለች። ከበሩ ውጭ አንዱ ዘግይቶ መጥቶ «ወጡ?» ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ «ገና ስምንት ቁጥር ላይ ናቸው፣ ዝም በል» አለችው።

አባቴ በበኩሉ ሲባጎ ከችካል ጋር አስሮ መሬት ላይ የተስተካከለ ግማሽ ክብ ሊሥል ሞከረ። ሆድ ካወጣም በልክ ያውጣ ብሎ ነው። ዶክተሩ ከተንበረከኩበት ቀና ሳይሉ «አፈሩ የላላበት ቦታ ነው የምንፈልገው፣ ክብ አይደለም» አሉት። ሲባጎውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ የብረት ዘንጉን አንስቶ በየቦታው እየወጋ፣ ዘንጉ በገባበት ሁሉ ጉድጓድ ቆፈረ። ጉድጓዶቹ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ነበሩ። ሰባት ቁጥርን በሁለት እጁ፣ ከነአፈሩ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ወሰደው።

አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሲነሳ ሥሩ ጠቁሮ፣ ተጣጥፎ፣ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ዶክተሩ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አዩት። አረንጓዴ ነገር የለውም።

«ሰዓት?» አሉ።

እናቴ ሰዓቷን አየች። «ሦስት ከአርባ» ብላ ጻፈች።

ከበሩ ውጭ ጡረተኛው አስተማሪ ባርኔጣውን አወለቀ። አባቴ አሥራ ዘጠኝን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ምንም አልሆነም። በግቢያችን ሠላሳ ጉቶዎች ቆመዋል፣ ሥራቸው በገለባ ተጎዝጉዟል፤ ከነሱ በቀር የሚታይ የለም። መንገደኛ አይቶን በሐዘኔታ ያልፋል። ጠያቂም ቀረ፤ ምን ብሎ ይጠይቅ? አባቴ ቅዳሜ ሲመጣ ሜትሩን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ብቻ «ስንዝር ምን ይለካል» ሲል ሰማሁት። እናቴ በሰባት ቀን አንዴ ብቻ፣ ግን ጠልቆ እንዲገባ አድርጋ ታጠጣቸዋለች፤ ሙቀታቸውን መለካቷንም አላቆመችም። ዶክተሩ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ «እንጠብቅ» ይላሉ።

ጀሶዬ በተፈታልኝ ሳምንት ነው። በምርኩዝ እያነከስኩ ግቢው ውስጥ ስለማመድ፣ አራት ቁጥር ሥር ምንም የማትመስል፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀይ ነገር አየሁ። ተንበርክኬ ማየት አልቻልኩምና እናቴን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ አየች። ቡቃያ ነው። ሌላ። ሌላ። ከጉቶው ዙሪያ አምስት ቦታ አቆጥቁጧል። ከአራት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሰባት ስትድኽ ቀሚሷ አፈር ሆነ። ከተዛወሩት ውስጥ ዘጠኙ ነቅተዋል፤ የቀሩት ሦስቱም በቀጣዩ ሳምንት ተከተሉ። አባቴ ከቤት ወጥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ቀና ብላ ጭንብሏን ልታወልቅ ፊቷን ዳበሰች፣ ጭንብል ግን አላደረገችም፣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

በዓመቱ አጥሩ ወገብ ደረሰ። ድመት እንኳ የማያሳልፍ ሆነ፤ ወፍራም፣ ከሥሩ የተቆላለፈ። ከበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይመጣና መሐል ላይ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እንደገና ወዝወዝ ብሎ ይወጣል። ሰፈሩ «ነፍሰ ጡሩ አጥር» አለው። አንድ ቀን ከአባቴ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ወጣት ቀያሾች ሊጠይቁት መጥተው፣ አንደኛው እየሳቀ «ይኼን ማን ነው የቀየሰው?» አለ።

«እኔ» አለ አባቴ።

እኔ ያኔ ወደ ቤቴም ወደ ሥራዬም ተመልሼ ነበር። ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ ግን ነገሩ እንዳላበቃ ገባኝ። ልብስ ሰፊዋ የጠወለገ ሎሚዋን ከነማሰሮዋ አምጥታ አስተኝታለች። አስተማሪው ሁለት የጽጌረዳ ችግኝ አምጥቷል። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሰው ማሰሮ አቅፎ ሐሙስ ሐሙስ በር ላይ ይሰለፋል፤ ዶክተሩ ጋውናቸውን ለብሰው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ይቆርጣሉ፣ ያዛውራሉ፣ አንዳንዱንም ሰዓት ያስጽፋሉ። አባቴ በረንዳው ሞልቶበት የሚቀመጥበት አጥቷል።

«አንቺ ጋ መስኮቱ ፀሐይ ያገኛል አይደል?» አለችኝ እናቴ።

«ጠዋት ጠዋት ያገኛል። ምነው?»

«ሁለት ሪፈር እልክልሻለሁ። ቀላል ናቸው፤ ማገገም ብቻ ነው የቀራቸው።»

እሑድ አባቴ በአውቶቡስ መጣ። ሁለቱን ማሰሮዎች መንገዱን ሙሉ ጉልበቱ ላይ አድርጓቸው ሱሪው አፈር ሆኗል፤ ካርዳቸው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። ወንበር ሰጥቼው አልተቀመጠም። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ አስቀመጣቸው፤ አየና ወደ ግራ ገፋ አደረጋቸው፤ ቆሞ አሰበና አንዱን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገው።

«የበረታው ለደካማው እንዳያጠላበት» አለኝና፣ ካርዱን አውጥቶ ውሃ መቼ መቼ እንደሚጠጡ ያስረዳኝ ጀመር።